ከጦር ሠፈር ወደ አስተዳደር ከተማ፦ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወትና የጨርጨር ሙከራ

መግቢያ

የአንድን አገር የአስተዳደር ታሪክ ለመረዳት ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ፣ በዚያ አስተዳደር ውስጥ ያደጉትን፣ የተማሩትንና ለማሻሻልም የሞከሩትን ሰዎች ሕይወት መመርመር ነው። በነገሥታት ዜና መዋዕል ላይ ብቻ የተመሠረተ ታሪክ ማን እንደ ነገሠና የት እንደ ዘመተ ይነግረናል። ግብር በምን መንገድ ይሰበሰብ እንደ ነበር፣ ሹሙ በምን ይተዳደር እንደ ነበር፣ ገበሬው ለማን ምን ያህል ይከፍል እንደ ነበር ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አያነሣም። ለመምህሩና ለዕቅድ ባለሙያው ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (1876–1969 ዓ.ም.) ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ አመቺ ሰው ናቸው። በሙያቸው የመድፈኛ መኮንን ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ባወረደው ለውጥ ውስጥ ተሳትፈዋል። ከዚያም በጅጅጋና በጨርጨር ገዥ ሆነው ሠርተዋል። የገንዘብ ሚኒስትር፣ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት አርቃቂና በዓለም መንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ መልእክተኛም ሆነዋል። ሰፊው ሕዝብ ይበልጥ የሚያውቃቸው በሕገ መንግሥቱና የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት በሆነው «ፋቡላ» ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ብዙም ባልተነገረለት የሥራቸው ክፍል፣ ይኸውም በአውራጃ ገዥነታቸው ላይ ነው። በአንድ አውራጃ የተጀመረ ጥገናዊ ለውጥ እንዴት እንደ ተፀነሰ፣ ምን እንደ ያዘና ወደ አገር አቀፍ ሥርዓት ለመሸጋገር ምን እንደ ጎደለው ማየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

1. እንጦጦና የአገዛዝ ሥርዓቱ መነሻ

የተክለ ሐዋርያትን ሥራ ለመመዘን በመጀመሪያ የተወለዱበትን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ሲወለዱ የንጉሥ ምኒልክ መቀመጫ በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንጦጦ የተመረጠበት ምክንያት ወታደራዊ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ዙሪያውን ለመቃኘትና ጠላትን ለመከላከል ይመቻል፤ ለኑሮ ግን ቀዝቃዛና ነፋሻ ነበር፣ የማገዶም ችግር ነበረበት። ዛሬም ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚታየው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ በሣር የተከደነ መሆኑን የተመለከተ ሰው፣ ያ መንግሥት ከድንጋይ ግንብ ይልቅ በሠራዊቱ ላይ የቆመ እንደ ነበር በቀላሉ ይገነዘባል። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በቀድሞው አነጋገር የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ሠፈር ማለት ነበር። እንጦጦም በዚህ ትርጉም ከተማ ነበረች።

ከዚህ ተራራ ላይ የተነሣው ጦር በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ነሥቶ ሐረርን ያዘ፤ ራስ መኮንንም በዚያ ገዥ ሆነው ተሾሙ። በሐረርና በሸዋ መካከል የሚገኘው የጨርጨር ደጋ፣ የኢቱ ኦሮሞ አገር፣ በዚያው ዘመን በዚሁ መንግሥት ሥር ገባ። በዚያው ዓመት አካባቢ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃው መስክ መውረድ ጀመረና አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት ግን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው።

መቀመጫው ከተራራው ቢወርድም የእንጦጦው ሥርዓት ከጦሩ ጋር ወደየአውራጃው ተሰራጨ። ገዥው ተሹሞ ሲሄድ ወታደሩን ይዞ ይሄዳል። መንግሥት ለሹሙም ሆነ ለወታደሩ የሚከፍለው የገንዘብ ደመወዝ ስላልነበረው፣ በደመወዝ ፈንታ እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለታል። ገባሩም እህል፣ ማርና ማገዶ ያቀርባል፤ ያርሳል፣ ያጥራል፣ ይፈጫል፣ ዕቃ ይሸከማል። የሚከፈለው ነገር ልክና ጊዜ በጽሑፍ የተወሰነ አልነበረምና የገባሩ ሸክም የሚመዘነው በአለቃው ፍላጎት ነበር። የሹመቱ ዘመንም እርግጠኛ ስላልነበረ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል የአንድን ግለሰብ ስስት ከመግለጥ አልፎ የጠቅላላውን ሥርዓት ጠባይ የሚያሳይ ነበር። በዚህ አኳኋን አውራጃው ለገዥው መተዳደሪያ እንጂ ገዥው ለአውራጃው አስተዳዳሪ ሳይሆን ብዙ ዘመን አለፈ።

2. ከሐረር ቤተ መንግሥት እስከ መድፈኛ ትምህርት ቤት

ተክለ ሐዋርያት ገና በልጅነታቸው በሐረር ወደ ራስ መኮንን ቤት ገቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው የዓድዋ ጦርነት ጊዜ ከራስ መኮንን ጋር ከዘመቱት ልጆች አንዱ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። ከድሉ በኋላ በዚያው ዓመት ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተላኩ።

በሩሲያ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው በሴንት ፒተርስቡርግ በሚገኘው በሚኻይሎቭስኪ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ሠልጥነው መኮንን ሆኑ። በነዚያ ዓመታት ከመድፉ ትምህርት ሌላ ሁለት ታላላቅ የዓለም ጉዳዮች በአጠገባቸው ተፈጽመዋል። የመጀመሪያው በ1904 እና በ1905 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጦርነት ጃፓን ሩሲያን ማሸነፏ ነው። ሁለተኛው በዚያው በ1905 እ.ኤ.አ. በሩሲያ የተነሣው አብዮት ነው። አንድ የእስያ አገር በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ራሱን አሻሽሎ የአውሮፓን ኃያል መንግሥት ሲያሸንፍ፣ ያው ኃያል መንግሥት ደግሞ በገዛ ገበሬዎቹና ሠራተኞቹ ቅሬታ ሲናጋ ማየት፣ ከገባር አገር ለሄደ ወጣት መኮንን ከመማሪያ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት መሆኑ አያጠራጥርም።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ አሳዳጊያቸው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. አርፈው፣ አፄ ምኒልክም በሕመም ላይ ሆነው አገኙ። የቤተ መንግሥቱ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ወራሽነት ነበር። ተክለ ሐዋርያት እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው ስለ እርሻ ሥራ ትምህርት ቀስመው ተመለሱ። የመድፈኛ መኮንን ማረሻን መማሩ በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር። ከኋላ ሥራቸው አንጻር ሲታይ ግን አካሄዱ ግልጽ ነው፤ የጦሩ ስንቅ ከገበሬው የሚመጣ ከሆነ፣ የአገሩ ኃይል የሚለካው በጎተራው ጭምር ነው።

3. የ1909 ዓ.ም. ለውጥና የተማሩት ተስፋ

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ሊቃነ ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ጦርነት የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ድል በመሆናቸው ለውጡ ጸና። ተክለ ሐዋርያት በዚህ ለውጥ ከተሳተፉት የተማሩ ሰዎች መካከል አንዱ ናቸው።

ለውጡን ያደረጉት ወገኖች ዓላማ አንድ ዓይነት አልነበረም። ቀደምት መኳንንት የፈለጉት የቆየ መብታቸውን ማስከበር ነበር። ካህናቱ የንጉሡ የሃይማኖት ነገር አሳስቧቸው ነበር። በቁጥር ጥቂት የነበሩት የተማሩት ደግሞ አዲሱን አልጋ ወራሽ መንግሥቱን ለማሻሻል የሚያስችል መሣሪያ አድርገው ተመለከቱ። ከነዚህም አንዱ በጀርመን አገር የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። የነዚህ ሰዎች የጋራ ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፦ ግብር ልክ ይኑረው፤ ሹም ደመወዝ ይቀበል፤ ሕግ በጽሑፍ ይሁን፤ ሕዝብ ይማር የሚል ነበር።

ይሁን እንጂ ሐሳባቸውን የሚደግፍ የተደራጀ ኃይል አልነበራቸውም። ከበላይ አልጋ ወራሹ ነበሩ፤ ከበታች የተማረ ሕዝብ አልነበረም። ተክለ ሐዋርያት የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መሠረት አድርገው የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የገጠመው ዕጣ ይህን ያስረዳል። ተውኔቱ በአውሬዎች አንደበት የአስተዳደሩን ጉድለት የሚነቅፍ በመሆኑ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በመድረክ ላይ ሊነገር ያልተፈቀደውን ነገር ከዋና ከተማው ርቆ በሚገኝ አውራጃ በሥራ ለመሞከር ግን ጥቂት በር ክፍት ነበር።

4. ጅጅጋና ጨርጨር

ከለውጡ በኋላ ተክለ ሐዋርያት በመጀመሪያ የጅጅጋ ገዥ ሆኑ። ጅጅጋ ከሐረር ወደ በርበራ ወደብ በሚወስደው የቅፍለት መንገድ ላይ፣ በእንግሊዝ ይገዛ ከነበረው የሶማሌ ምድር አጠገብ የምትገኝ የጠረፍ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ከብት አርቢ ስለሆነ፣ ለአራሽ አገር የተበጀው የገባር ሥርዓት ለዚህ ምድር ጨርሶ አይስማማም ነበር። ገዥው በዚህ ሥፍራ ከተማይቱ በመስመር እንድትሠራና የገበያው ንግድ እንዲጸና ጥረዋል። የጠረፍ አስተዳደር ዋናው ጥያቄ ከሕዝቡ ጋር መስማማት እንደ ሆነ የተረዱበትም ሥራ ነበር።

ይበልጥ የታወቀው ሥራቸው ግን በጨርጨር ያደረጉት ነው። ጨርጨር ለም ደጋ ነው፤ ማሽላና ቡና ይበቅልበታል። ከሥሩ ባለው ቆላ የጅቡቲ የምድር ባቡር ያልፋል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ስለዚህ የአውራጃው ምርት ወደ ውጭ አገር ገበያ የሚደርስበት መንገድ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። የገባር ሥርዓት ግን ይህን ዕድል ይዘጋ ነበር። ቡና ተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ጥቂት ዓመታት የሚጠብቅ ገበሬ፣ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንደሚከፍልና መሬቱ በእጁ ስለ መቆየቱ ካላወቀ ቡና ለመትከል አይደፍርም። ያልተወሰነ ግብር የሚጎዳው የዘንድሮን አዝመራ ብቻ አይደለም፤ የመጪውንም ዘመን አዝመራ ያስቀራል።

በጨርጨር የተሞከረው አስተዳደር ይህን ችግር ከመሠረቱ ለመንካት የታሰበ ነበር። ፍሬ ነገሩ በአራት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል።

ሀ) አስተዳደሩ በጽሑፍ በወጣ ደንብ እንዲመራ ማድረግ፤ ይህም የሹሙ ፈቃድ ብቻ ሕግ ሆኖ እንዳይቆይ ነው።

ለ) የገበሬው ግዴታ ልክ እንዲኖረውና ከጉልበት ሥራ ይልቅ ወደ ታወቀ ግብር እንዲለወጥ መጣር።

ሐ) ሹማምንት ከገባር በሚያገኙት ጥቅም ፈንታ ከመንግሥት ገንዘብ ደመወዝ ወደሚቀበሉበት አሠራር ማዘንበል።

መ) የአውራጃው መቀመጫ ከጦር ሠፈርነት ወጥታ ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ገበያና የተስተካከለ መንገድ ያላት የአስተዳደር ከተማ እንድትሆን ማድረግ።

ይህች መቀመጫ አሰበ ተፈሪ ተባለች። ከተማይቱ ዛሬ የምትጠራው በአካባቢው ሕዝብ ስም ጭሮ ተብላ ነው። ስሙ «ተፈሪ አሰበ» ማለት ሲሆን፣ ሐሳቡ የአልጋ ወራሹ መሆኑን ለማመልከት የተሰጠ ነው። በዚህ ስም ውስጥ የሙከራው ብርታትም ድካሙም አብሮ ይታያል። ብርታቱ፣ ሥራው ከአዲስ አበባ በኩል ድጋፍ ያለው መሆኑ ነው። በዚህም ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን ታሰበ። ከተክለ ሐዋርያት በኋላም በእንግሊዞች እጅ ያደጉትና በሕክምና ሙያ የታወቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እስከ ኢጣልያ ወረራ ዋዜማ ድረስ አውራጃውን አስተዳደሩ። ድካሙ ደግሞ፣ ሐሳቡ ከበላይ የተሰጠ ስጦታ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። የኢቱ ገበሬ የደንቡ ተጠቃሚ እንዲሆን ታሰበለት እንጂ ደንቡን በማውጣት ረገድ ድምፅ አልነበረውም። መሬቱ በወረራ ጊዜ ለማን እንደ ተሰጠ የሚለው ጥያቄም አልተነሣም። ሙከራው የግብሩን ልክ ነካ፤ የመሬቱን ባለቤትነት አልነካም።

ከዚህ ሌላ የሠለጠነ ሰው እጥረት ነበር። ደንብን በጽሑፍ ማውጣት ለአንድ የተማረ ገዥ ይቻላል። ደንቡን በየወረዳው የሚያነብ፣ ሂሳብ የሚይዝ፣ መሬት የሚለካ፣ ደረሰኝ የሚጽፍ ሰው ግን በብዛት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ በመንግሥት የተቋቋሙት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ዋናዎቹም በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲሆኑ ሁለቱም በአዲስ አበባ ነበሩ። ከነዚህ የሚወጡት ወጣቶች በቋንቋ አስተርጓሚነትና በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት በዋና ከተማው ይፈለጉ ነበር። ስለሆነም በጨርጨር ላይ የተጀመረው ሥራ በገዥው ሰውነት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አርአያ የተባለውን አውራጃ ቁጥር ለማብዛት እንደ ገዥው የተማሩ ሌሎች ሰዎች፣ ከነሱም በታች ብዙ ጸሐፊዎች ያስፈልጉ ነበር፤ እነዚህም አልነበሩም።

5. ከአውራጃ ወደ አገር፦ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት

ተፈሪ መኮንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ተክለ ሐዋርያት በበጅሮንድነት ማዕረግ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። የሕገ መንግሥቱንም ረቂቅ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። ለረቂቁ መሠረት የሆነው በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በ55 አንቀጽ ሲታወጅ፣ ትርጉሙን ለመኳንንቱ በሰፊ ንግግር ያስረዱትም እሳቸው ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የሚያጸና መሆኑ የታወቀ ነው። ለመምህራን ልዩ ትኩረት የሚገባው ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች አመራረጥ ነው። በሕጉ እንደ ተመለከተው፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ አባሎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። «እስኪችል ድረስ» የሚለው ሐሳብ አንድ ታላቅ የትምህርት ዕቅድ የሚጠይቅ ነበር። ሕዝቡ የሚችለው በምን ነው? በስንት ዓመት ነው? በስንት ትምህርት ቤትና በስንት መምህር ነው? የትምህርት ሚኒስቴር ከሕገ መንግሥቱ አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ቢቋቋምም፣ ለነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ የተሰጠ የጊዜ ወሰን አልነበረም። ወሰን የሌለው ቀጠሮ ደግሞ፣ ልክ እንደሌለው ግብር ሁሉ፣ ለባለሥልጣኑ ይመቻል እንጂ ለሕዝቡ አይመችም።

6. የሥራ ቅደም ተከተል፦ ከጃፓን ጋር ሲነጻጸር

በዚያ ዘመን የተማሩት ኢትዮጵያውያን ጃፓንን እንደ ምሳሌ ይጠቅሱ እንደ ነበር ይታወቃል። ምሳሌው የተወሰደበትን መንገድ መመርመር ይጠቅማል። ጃፓን በ1871 እ.ኤ.አ. የመሳፍንቱን ግዛቶች ሽራ በማዕከላዊ መንግሥት በሚሾሙ ገዥዎች የሚተዳደሩ አውራጃዎች አቋቋመች። በ1872 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ የትምህርት ሥርዓት አወጀች። በ1873 እ.ኤ.አ. የመሬት ግብርን አሻሽላ በገንዘብ እንዲከፈል አደረገች። ሕገ መንግሥቱን ያወጣችው ይህ ሁሉ ከተጀመረ በኋላ በ1889 እ.ኤ.አ. ነው። አስተዳደር፣ ትምህርት፣ ግብር፤ ከዚያ ሕገ መንግሥት ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ግን ሕገ መንግሥቱ በ1923 ዓ.ም. ቀደመ። ጠቅላይ ግዛቶችን የሚወስነውና ገዥዎችን የመንግሥት ደመወዝተኞች የሚያደርገው የአስተዳደር ድንጋጌ የወጣው ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በመመደብ ግብሩን በገንዘብ የወሰነው አዋጅም የዚያው ዘመን ነው። ትምህርት ደግሞ ከሁሉ ኋላ ቀረ። ከዚህ አንጻር ሲታይ የጨርጨር ሙከራ ትክክለኛውን ቅደም ተከተል በትንሹ ይዞ ነበር ለማለት ይቻላል፤ በመጀመሪያ የግብር ልክ፣ የሹም ደመወዝና የጽሑፍ ደንብ ከታች ተሞከረ። በ1934 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የታወጀው አሳብ በአሰበ ተፈሪ ከሁለት ዐሥርተ ዓመታት ገደማ በፊት ተጀምሮ ነበር። የጎደለው ትምህርት ቤቱ ነው።

7. ስደት፣ መመለስና የኋላኛው ትውልድ

ከሕገ መንግሥቱ በኋላ ተክለ ሐዋርያት በፓሪስ የኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ በጄኔቭም በዓለም መንግሥታት ማኅበር መልእክተኛ ሆነው ተላኩ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ የኢትዮጵያን አቤቱታ በማኅበሩ ፊት ካቀረቡት አንዱ ሆኑ። ማኅበሩ ወረራውን ሊያስቆም አልቻለም። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ውሳኔውን ከተቃወሙት መካከል ተክለ ሐዋርያት ይገኙባቸዋል። ከዚያም በጅቡቲ በኩል ተሰደው ረዥሙን የስደት ዘመናቸውን በማዳጋስካር አሳለፉ። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣም ወዲያው አልተመለሱም፤ የተመለሱት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከተመለሱም በኋላ ወደ ከፍተኛ ሹመት ሳይገቡ በዚያው በጨርጨር ምድር፣ በሂርና፣ በእርሻ ሥራ ኖሩ። በአንድ ወቅት በገዥነት ያስተዳደሩትን አገር በገበሬነት አወቁት። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ባሳተሙት «አርአያ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ የእርሻ ትምህርት ተምሮ ከአውሮፓ የተመለሰ ወጣትን ታሪክ መተረካቸው፣ ጥያቄው ወደ ቀጣዩ ትውልድ መተላለፉን ያመለክታል።

ያው ጥያቄ በሌላም ሰው ሕይወት ተደግሟል። በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩት ግርማሜ ንዋይ በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆነው መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ለማደል ሞከሩ። ባለርስቶቹ በመክሰሳቸው ከዚያ ተነሥተው ተክለ ሐዋርያት ቀደም ሲል ወዳስተዳደሯት ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከክብር ዘበኛ አዛዥ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ ተነሡ፤ ሙከራው በጥቂት ቀን ውስጥ ከሸፈ፣ እሳቸውም በዚያው ወር ሞቱ። የሁለቱ ሰዎች ጉዞ ተቃራኒ ነው። ተክለ ሐዋርያት ከመንግሥት ለውጥ ወደ አውራጃ ጥገና ሄዱ፤ ግርማሜ ከአውራጃ ጥገና ወደ መንግሥት ለውጥ መጡ። የመጀመሪያው አውራጃን በማሻሻል አገርን ማሻሻል ይቻላል ብለው አምነው ነበር። ሁለተኛው ይህ በር የተዘጋ መሆኑን በወላይታ ካዩ በኋላ ሌላ በር ፈለጉ። በሁለቱ መካከል ያለፉት አርባ ዓመታት ያህል፣ ጥገናዊ ለውጥ በጊዜው ሳይስፋፋ ሲቀር ምን እንደሚከተል ያሳያሉ።

ተክለ ሐዋርያት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። የሕይወት ታሪካቸው «የሕይወቴ ታሪክ» በሚል ርእስ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። የአንድ ሰው ዕድሜ ከእንጦጦው ዘመን ጀምሮ የገባሩን ሥርዓት ሙሉ ኃይል፣ መሻሻሉንና ፍጻሜውን አጠቃልሎ ያየ ሆነ።

8. ለትምህርትና ለዕቅድ ሥራ የሚሰጠው ቁም ነገር

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለመምህሩም ሆነ ለዕቅድ ባለሙያው የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ የሙከራ አውራጃ፣ የሙከራ ትምህርት ቤት ወይም የሙከራ ጣቢያ ሲቋቋም፣ ከመነሻው መጠየቅ ያለበት ሥራው ያለ መሥራቹ ሊቀጥል ይችላል ወይ የሚለው ነው። ጨርጨር ከተክለ ሐዋርያት በኋላ ሐኪም ወርቅነህን የመሰለ ሰው በማግኘቱ ዕድለኛ ነበር። ዕድል ግን የዕቅድ ምትክ አይሆንም። የመሥራቹን ሥራ የሚረከቡ ተተኪዎችን ማሠልጠን የሙከራው አንድ ክፍል እንጂ ከሙከራው በኋላ የሚታሰብ ነገር መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ ደንብ የሚጸናው የሚያነበው ሲኖር ነው። ግብሩ የተወሰነለት ገበሬ ደረሰኙን ማንበብ ካልቻለ፣ የተወሰነለት ልክ በጸሐፊው ብዕር ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት መሠረተ ትምህርትን ከአስተዳደር መሻሻል ለይቶ ማየት አይገባም።

ሦስተኛ፣ ከውጭ አገር ምሳሌ ሲወሰድ የመጨረሻውን ፍሬ ብቻ ሳይሆን ፍሬው የተገኘበትን ቅደም ተከተል መውሰድ ያስፈልጋል። የጃፓንን ሕገ መንግሥት መተርጎም የጥቂት ወራት ሥራ ነው። የጃፓንን ትምህርት ቤቶች የሚያህል መሥራት ግን የትውልድ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ የታሪክ መምህር ይህን ርእስ ሲያስተምር ከአካባቢው ሊነሣ ይችላል። በአዲስ አበባ የሚገኙ ተማሪዎች እንጦጦን ጎብኝተው የጦር ሠፈር ለምን በተራራ ላይ እንደሚሠራ፣ ለምንስ እንደሚወርድ መወያየት ይችላሉ። በየአውራጃው ያሉት ደግሞ የራሳቸው ከተማ እንዴት እንደ ተቆረቆረች፣ የመጀመሪያው ቤት የወታደር ሠፈር፣ ገበያ፣ ቤተ እምነት ወይስ ትምህርት ቤት እንደ ነበር ሽማግሌዎችን ጠይቀው መዝግበው ቢያመጡ፣ የአገራቸውን የአስተዳደር ታሪክ በገዛ መንደራቸው ውስጥ ያገኙታል። በአንዱ ከተማ መጀመሪያ የተሠራው ሠፈሩ፣ በሌላው ገበያው ሆኖ መገኘቱ ራሱ ሰፊ የመወያያ ርእስ ነው።

ተክለ ሐዋርያት በጨርጨር የሠሩት ሥራ ሙሉ ነበር ለማለት አይቻልም። መሬቱን ለአራሹ አላደረገም፤ ሕዝቡንም የአስተዳደሩ ባለድርሻ አላደረገም። ይሁን እንጂ ሹም በደመወዝ፣ ግብር በልክ፣ ፍርድ በደንብ ሊሆን እንደሚችል ብዙዎች ባላመኑበት ጊዜ በአንድ የኢትዮጵያ አውራጃ ውስጥ በተግባር አሳይቷል። ያን ጅምር ወደ ሌሎች አውራጃዎች የሚያሸጋግሩት ጸሐፊዎች፣ ቀያሾችና መምህራን በጊዜው ቢዘጋጁ ኖሮ፣ ከአሰበ ተፈሪ የተነሣው መንገድ ወደ ብዙ ከተሞች በደረሰ ነበር።